ከአፋፍ ወደ አፋፍ የተጠራ እሳት

ደብሪቱን የአምበር ሰው የሚያውቃት በድምጿ ነበር። ቁመቷ አጭር፣ ፊቷ ኮስታራ፣ ጨዋታም እምብዛም የማትወድ ሴት ናት፤ አፋፉ ላይ ወጥታ ስትጣራ ግን ያ ድምፅ ከእሷ ወጣ ብሎ ለማመን ያስቸግራል። ባሏ በሕይወት ሳለ «እኛ ቤት ጠብ ሲነሳ ሽማግሌ መላክ አያስፈልግም፤ ሰምተው ራሳቸው ይመጣሉ» እያለ ያሾፍባት ነበር።

ሥራዋ እሳት መጥራት ነው፤ ከአባቷ የወረሰችው። የሣር ቤት አንዴ ከተያያዘ ጊዜ አይሰጥም፤ ስለዚህ አንዱ አፋፍ ለሌላው ይጣራል፣ ያም ለቀጣዩ ያሻግራል። ታዲያ ዝም ብሎ እሪ ማለት አይደለም። መጀመሪያ የሰሚውን ስም ትጠራለህ፤ «አቤት» እስኪልህ ትጠብቃለህ። ከዚያ የማን ቤት እንደነደደና ነፋሱ ወዴት እንደሆነ ትናገራለህ። ሰሚው ያልከውን ቃል በቃል ይመልስልሃል። እስኪመልስልህ ድረስ ከቆምክበት ንቅንቅ ማለት የለም።

አንድ ነገር ግን አይደረግም። የገዛ ቤቱ የሚነድበት ሰው አይጣራም። ለቅሶ ያነቀው ድምፅ ሸለቆ አይሻገርም። ባለቤቱ ልብሱን አፉ ላይ አድርጎ ቁጭ ይላል፤ ጎረቤት ይጠራለታል። ደብሪቱ ልጅ ሳለች የእነሱ ቤት ሲነድ፣ ያ አገር የሚቀሰቅስ አባቷ ጋቢውን አፉ ላይ ጭኖ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አይታዋለች። የጮኸላቸው ማዶ ያለው የፈንታ አባት ነበር። እሱ ሲሞት ማዶውን አፋፍ ፈንታ ያዘው፤ ከደብሪቱ ጋር በድምፅ ሲነጋገሩ ኖሩ እንጂ በዓይን የሚገናኙት ለገበያና ለንግሥ ብቻ ነው።

ሌላም ደንብ አለ። ወደ እሳት መሣሪያ ተይዞ አይኬድም። እሳት ላይ ደመኛ ከደመኛው ጋር ስለሚገናኝ ጠብመንጃ ቤት ይቀራል፤ የሚያዘው ቅጠልና ውሃ ነው።

ጣሊያን አምበር ላይ ምሽግ ሲሠራ የደብሪቱ ወንድም ባዘዘው ከጓደኞቹ ጋር ሸፍቶ ከእሷ አፋፍ ሥር ያለው ሸለቆ ውስጥ ገባ። ባሏን ቀብራለች፣ ልጅ አልወለደችም፤ በዚህች ምድር ላይ የእኔ የምትለው እሱን ብቻ ነው። እሳት ከጠራች ቀድመው የሚደርሱት እነሱ እንደሆኑ ታውቃለች፤ ባዶ እጃቸውን እንደሚመጡም ታውቃለች። ይህን ጠላትም ያውቀዋል ብላ ግን በምን ታስብ? አንድ ሆዳም ባንዳ ይህንኑ ነግሯቸው ኖሯል።

በነሐሴ አንድ ጠዋት ሸለቆው ጉም ሞልቶት ከደጅ ያለው ዛፍ እንኳ አይታይም ነበር። ከማዶ ስሟ ተጠራ።

«ደብሪቱ ሆይ!»

የፈንታ ድምፅ ነው። ሮጣ አፋፉ ላይ ወጣች። «አቤት ፈንታ!»

«የፈንታ ቤት ነደደ! ነፋሱ ወደ ቁልቁል ነው!»

ልትመልስለት አፏን ከፈተች፤ መልሳም ገጠመችው። የፈንታ ቤት? ፈንታ ራሱ እየተጣራ? ድምፁ ደግሞ አልተንቀጠቀጠም፤ የሌላ ሰው ቤት የሚጠራ ይመስል ጥርት ያለ ነበር።

ከሥር ከሸለቆው ሌላ ድምፅ መጣ። ባዘዘው «አቤት» ማለቷን ሰምቷል። «እታለም! ምንድን ነው? እሳት ነው?»

አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ነው ካለች ይወጣል። ዝም ካለች ደግሞ፣ ፈንታ ደንግጦ ደንቡን ረስቶት ቢሆንስ? ሚስቱ የኔዓለም ቤት ውስጥ ብትሆንስ? አባቱ ያኔ ለእነሱ ቤት የጮኸው ጩኸት ገና ጆሮዋ ላይ አለ። ፈንታ ያንኑ ቃል ደገመው። ባዘዘውም ከሥር ደገመ። እሷ ግን ወደ ማዶም ወደ ሥርም ትንፍሽ ሳትል እንደ ግንድ ደርቃ ቆመች። ቆይቶ ሁለቱም ዝም አሉ።

እኩለ ቀን ላይ ከማዶ አንድ ጥይት ተሰማ።

ፈንታን ጣሊያን ገደለው ተባለ። ደብሪቱ ለቅሶ አልደረሰችም፤ በምን ዓይኗ? ብመልስለት ኖሮ አይገድሉትም ነበር ትላለች፤ ብመልስለት ኖሮ ደግሞ ባዘዘው ትላለች፤ እህል አፏ አልገባ አለ። የኔዓለም ፀጉሯን ተላጭታ፣ ማቋን ለብሳ ደጇ ድረስ ስትመጣ ደብሪቱ ልትረግመኝ ነው ብላ ተነስታ ቆመች።

«ሰምተሽው ነበር?» አለች የኔዓለም።

«ሰምቼዋለሁ፣ እህቴ።» ደብሪቱ ያን አልክድም ብላለች።

«ያቃጠሉት የጎረቤታችንን የወለተ ሚካኤልን ቤት ነው። ጥራ ያሉትም የእሷን ነበር። እኔን አጠገቡ አቁመው ጠብመንጃ ደቅነውብኛል። የራሱን ቤት ሲጠራ አበደ ብዬ ደነገጥሁ። የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ተቆጣው፤ ፈንታ ግን ‹ለእኔ ቶሎ ይመጣሉ› ብሎ ሸነገለው። አስተርጓሚው የሩቅ አገር ሰው ነው፤ ደንባችንን ስለማያውቅ አመነው። ከዚያ አድፍጠው ጠበቁ።»

ደብሪቱ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «እኔ እኮ አልመለስኩለትም» አለች። «መልሴን እየጠበቀ ነው የሞተው።»

«ሲጠብቅስ ነበር። ደግሞም ጠራሽ፤ አሁንም ዝም። እኔ አልሰማችውም ብዬ ማልቀስ ስጀምር፣» የኔዓለም ማቋን ሰበሰበች፣ «ዞር ብሎ አየኝና ‹ተይ፣ ሰምታኛለች› አለኝ። ይህን ልነግርሽ ነው የመጣሁ።»

ደብሪቱ ነጠላዋን ጎትታ አፏ ላይ አደረገች፣ አባቷ ያን ቀን እንዳደረገው።