ኬብሉን በከንቱ የወቀስኩበት ጠዋት

ከሰቆጣ የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። ባለቤቴ ትርፌ እስከ መናኸሪያው ሸኝታኝ "ደርሰህ ካልጠራኸኝ በእግሬ እመጣለሁ" ስትለኝ ሳቅኩ፤ አውቶቡሱ ሲነሳ ግን አለቀስኩ። በሱዳን፣ በሊቢያ አድርጌ ጀርመን እስክገባ ሁለት ክረምት አለፈ። ስለ ባሕሩ አልጽፍም፤ ያየው ያውቀዋል።

ወገኖቼ፣ የምነግራችሁ ትርፌን ለማምጣት ቀጠሮ የያዝኩበትን ቀን ነው። ከስደተኞች ቢሮ የመጣው ደብዳቤ "ከጠዋቱ በአራት ሰዓት በቪዲዮ ይቅረቡ፤ ካልቀረቡ ማመልከቻው ይዘጋል" ይላል። አከራዬ ፍራው ሄልጋ "ዋይፋይ ራሴን ያሳምመኛል" ስለሚሉ፣ እኔ ወዳለሁበት ምድር ቤት ኢንተርኔት የሚወርደው በደረጃው በተዘረጋ ኬብል ነው። ኮምፒውተሬም አሮጌ ነው፤ ሊኑክስ የሚሉትን ነጻ ሲስተም ጭኜበት ነው ነፍስ የዘራ።

ግማሽ ሰዓት ሲቀረኝ የቪዲዮ ቀጠሮውን ገጽ ብከፍተው እምቢ አለ። ኬብሉን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። የሶኬቷ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች። ኮምፒውተሩ የኢንተርኔት አድራሻ ይዟል፤ መስመሩን በፒንግ ብፈትሸውም መልስ ይመጣል። ገጹ ግን በጀርመንኛ ብዙ ይለፈልፋል፤ የገባኝ "አስተማማኝ አይደለም" የሚለው ብቻ ነው። ሲጨንቀኝ አመሌ ይከፋል፤ ደረጃውን ሽቅብ ሮጥኩ።

"ኬብልዎ ተበላሽቷል!"

"የእኔ ኬብል? ካፑት፣ ብልሽት ያልከውስ አንተ ነህ" አሉና መነጽራቸውን አድርገው ወረዱ። ስክሪኑን ጥግ ጥጉን አዩት።

"እዚህ ቤት የገና በዓል ደርሷል እንዴ?"

"ምን አሉኝ?"

"ውጭ ሰው በሙቀት ይቀልጣል፣ ያንተ ኮምፒውተር ዲሴምበር ነው ይላል። ያውም የስንት ዓመቱን ዲሴምበር!"

ክው አልኩ። በቀጠሮው ዋዜማ አባቴ ደውለው ነበር፤ ቄስ ናቸው። ፍልሰታ መግባቱን ረስቼ ወተት መጠጣቴን ስነግራቸው "አይ ልጄ፣ ቀኑም ጠፋህ?" አሉኝ። እፍረቱ ቢያንገበግበኝ፣ ኮምፒውተሩ ቀኑን በራሱ እንዳያስተካክል ከልክዬ በእኛ አቆጣጠር ሞላሁት፤ ነሐሴ አሥራ ሁለተኛ ወር ነውና አሥራ ሁለት፣ ዓመቱም የእኛው። ለካ እያንዳንዱ ገጽ እንደ ስደተኛ የማንነት ወረቀት ይዞ ነው የሚመጣው። ስምንት ዓመት ገደማ ወደኋላ የቀረው ኮምፒውተሬ "ወረቀትህ ገና ቀኑ አልደረሰም" እያለ ሁሉንም ከበር ይመልሳል።

ቀኑን መለስኩት፤ ገጹ ወለል ብሎ ተከፈተ። ሦስት ደቂቃ ቀርቶኝ ነበር። ጉልበታቸውን ልስም ስል ፍራው ሄልጋ "ናይን፣ ናይን!" እያሉ ሸሹ።

ጠያቂዋ ብዙ ጠየቀችኝ፣ ሁሉንም መለስኩ። በመጨረሻ "ማስረጃዎ ተሟልቷል፤ ባለቤትዎ ለጣት አሻራ ይጠራሉ" አለችኝ። እፎይ! ከስንት ዓመት በኋላ ትከሻዬ ቀለለኝ። ወዲያው ደወልኩ።

"ትርፌ፣ ተቀብለውናል! ለጣት አሻራ ይጠሩሻል።"

"እሰይ! እልል! መቼ?"

"ቀኑን በደብዳቤ ይነግሩናል።"

"በእኛ ነው በእነሱ?"

"በእነሱ።"

"ይሁና" አለች፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ። "እኔማ የምቆጥረው አንተ ከሄድክበት ቀን ጀምሮ ነው።"

ስንት ቀን እንደሞላ ልጠይቃት ፈለግኩ፤ ግን ስልኩን እንደያዝኩ ራሴ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ።