የኦቦ ዲንሳ ራዲዮ እስኪሞቅ

ባለፈው ሳምንት ነቀምት ላይ ራዲዮ ፈጠርኩ። ... እሺ፣ ፈጠርኩ እንኳ አይባልም። የሞተውን ራዲዮ ልብስ ለሌላ ራዲዮ አለበስኩ። ግን ከመፍጠር የሚያንሰው በትንሹ ነው፤ ያልሞከረው ዝም ይበል።

ሥራዬ ሰዓት ጥገና እንደሆነ በገበያው በር ያለፈ ሁሉ ያውቃል። ማንበብና መጻፍ መቻሌን የማያውቅ ካለ ደግሞ ይኸው፣ በማታ ትምህርታችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ይወቅ።

ነገሩ የጀመረው በደብዳቤ ነው። የቡርቃ ጃቶ ጎረቤቴ ኦቦ ዲንሳ፣ ሰሜን ከዘመተው ልጃቸው ከፈይሳ በዘጠኝ ወሩ ወረቀት መጣላቸው። ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ... ያለ ማንም እርዳታ! (የተደናቀፍኩት ሁለት ቦታ ብቻ ነው።) «እሁድ ከሰዓት በኋላ የወታደሮች ሰላምታ ሲተላለፍ ድምፄን ትሰማለህ» ይላል።

ኦቦ ዲንሳ ቀና ብለው መደርደሪያቸውን አዩ። እዚያ ላይ ጥጃ የሚያክል፣ ድምፅ የሚወጣበት ፊቱ በጨርቅ የተሸፈነ የእንጨት ራዲዮ ተቀምጧል። በአምፖል የሚሠራው፣ የድሮው ዓይነት። ከሞተ ሁለት ክረምት አልፎታል፤ አምፖሉ እንኳን እዚህ አዲስ አበባም አይገኝም።

እኔ ደግሞ ትራንዚስተር አለኝ። ከአንገር ጉቲን ስመለስ ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ ቀፎው እንደ ገል ተሰባበረ እንጂ ሆዱ ደህና ነው።

«ኦቦ፣ ምን ያስጨንቃል? በዚህ ይስሙት» አልኳቸው።

«ራቁቱን?» አሉ። «እንግዳ ራቁቱን ቤት ይገባል? ፈይሳ ያደገው እዚያ ሳጥን ጨርቅ ላይ ጆሮውን ለጥፎ ነው። ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ በዚያው በሳጥኑ ይምጣልኝ።»

መቼም ምላሴ ልጓም የለውም... «የግማሽ ቀን ሥራ ናት!» አልኩ።

አራት ቀን ፈጀችብኝ።

የሳጥኑ ቁልፎች ቀዳዳ በስንዝር የተራራቀ ነው፤ የትራንዚስተሩ ቁልፎች በጣት። ዘንጉ አይደርስም። በንዴት የእስክርቢቶዬን ቀፎ ቆርጬ ቀጠልኩበት። ማታ ባዶ እጄን ክፍል ብገባ፣ አስተማሪው «ብዕርህስ?» አለኝ። «ኦቦ ዲንሳ ራዲዮ ውስጥ ነው» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ... እሱ ግን አልሳቀም።

ጣቢያ የሚጠቁመው ቀስት የሚሳበው በክር ነው። ጠመጠምኩት። ቁልፉን ወደ ቀኝ ሳዞረው ቀስቱ ወደ ግራ! ፈትቼ እንደገና ጠመጠምኩት። አሁን ጭራሽ አልንቀሳቀስም አለ። የባትሪ ድንጋዮቹም በዚያ ሰፊ ሆድ ውስጥ ማረፊያ አጡ፤ በካርቶን ደግፌ በጨርቅ አሰርኳቸው። ሚስቴ መጥታ አየችና «ይሄ ራዲዮ ነው ቁስለኛ?» አለችኝ። መዶሻዬን ወርውሬ ወጣሁ። ተመለስኩ። ምን አማራጭ አለኝ?

ቅዳሜ ጠዋት ተናገረ! ያን ጊዜ ነው ጥጋብ የያዘኝ። የድሮው ራዲዮ ሲከፈት መስታወቱ በቢጫ ብርሃን ይሞላ ነበር። እኔም የእጅ ባትሪ አምፖል ከመስታወቱ ኋላ ተከልኩለት። ሲበራ... ቁርጥ የድሮው! እኔው ራሴ ተታለልኩ።

እሁድ ሰዓቱ ሲደርስ ኦቦ ዲንሳ እቤታቸው አዲስ ጋቢ ለብሰው በገዛ እጃቸው ከፈቱት። ጠቅ! ብርሃኑ ቦግ አለ።

«ያ ዋቅ! አምላኬ! እንደ ድሮው!» አሉና ብድግ ብለው ወጡ።

«ኦቦ፣ ወዴት?»

«አዴ ጫልቱን ልጥራ፣ እስኪሞቅ።»

እስኪሞቅ... የድሮው ራዲዮ አምፖሉ ካልጋለ አይናገርም። ኦቦ ዲንሳ ድሮም ጠቅ አድርገው ይከፍቱና ጎረቤት ይጠራሉ፤ ድምፁን ከፍ የሚያደርጉት ሲመለሱ ነው። ትራንዚስተር ግን መሞቅ ብሎ ነገር አያውቅም፤ እንደተከፈተ ነው የሚናገረው። አራት ቀን ሙሉ ስለ ራሴ ሙያ ስለፈልፍ ይህቺን አንዲት ነገር አልነገርኳቸውም።

ሳጥኑ ውስጥ የሆነ ነገር ያንሾካሹካል። ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

«...ነቀምት ቡርቃ ጃቶ ለሚገኙት አባቴ...»

ፈይሳ ነው!

ወደ በሩ ሮጥኩ። «ኦቦ! ኦቦ ዲንሳ! ጀምሯል!»

የአዴ ጫልቱ አጥር ጋ ቆመው እጃቸውን አወዛወዙልኝ። «ገና ነው! አልሞቀም!»

ተመልሼ ገባሁ። «አባዬ፣ እኔ ደህና ነኝ» ይላል ልጁ፤ «ቦራ እንዴት ነው? አሁንም ይዋጋል?» ቦራ በሬያቸው ነው። ሳጥኑን አቅፌ ወደ በሩ ልወስደው ብድግ ሳደርገው... ድንጋዮቹ ከእስራታቸው ሾልከው ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። ጸጥ።

ከአልጋ ሥር ለቅሜ እስክመልሳቸው አንድ የጎጃም ልጅ ለእናቱ ሰላምታ ያቀርባል።

ኦቦ ዲንሳ አዴ ጫልቱን አስከትለው ገቡ። ተቀመጡ። ጆሯቸውን ወደ ጨርቁ አስጠጉ። የጎጃሙን ልጅ አዳመጡ፣ ከእሱ ቀጥሎ የመጣውንም፣ ሌላውንም... ሰላምታው አለቀና ዘፈን ገባ።

«የእኔስ?» አሉ።

አንገቴን ደፍቼ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ማል ጄዴ? ምን አለ?» ድምፃቸው ቀጠነ።

«ደህና ነኝ አለ። ቦራ አሁንም ይዋጋል ወይ ብሎ ጠየቀ።»

ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ ሳቃቸው መጣ። «ይሄ ልጅ! እኔን ትቶ በሬውን!» ብለው ወጡና የቦራን አንገት እያሻሹ «ስምህ በራዲዮ ተጠራ፣ ሰማህ?» ይሉት ጀመር። አዴ ጫልቱ እልል አሉ። ይኸው እስከ ዛሬ በዚያ የሚያልፍ ሁሉ ሰላም የሚለው አስቀድሞ በሬውን ነው።

ታዲያ ኦቦ ዲንሳ ለሚቀጥለው ዙር የማታ ትምህርት ተመዘገቡ አሉ። ይህን ግድግዳ ማንበባቸው አይቀርም፤ ከሌላ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት።

ድንጋዮቹ የወደቁት ፈይሳ «ደህና ነኝ» እንዳለ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማሁም... ስለ ቦራ የጠየቅኩት እኔ ነኝ።