ለሰማዩ ዘማች የተቀመጥነው ለቅሶ

ቅድም በስልክሽ ያሳየሽኝ ሴትዮ፣ ያች ጸጉሯ እንደ ተባዘተ ጥጥ ሽቅብ ቆሞ፣ ውኃው ከእጇ እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ፊቷን የምትታጠበዋ፣ አንችማ "አያቴ፣ ሰው ሰማይ ላይ ቤት ሠርቶ ይኖራል ብልሽ ታምኛለሽ?" ብለሽ ሳቅሽብኝ፤ እኔ ግን ያንን ቤት አንችም እናትሽም ሳትወለዱ አውቀዋለሁ፣ መኝታውን፣ መስኮቱን፣ በዚያ ቤት ማን ከማን እንደሚኳረፍ ሳይቀር አውቀዋለሁ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ የምንኖር ቁስቋም፣ እኔም የወተት ጥርሴን ነቅዬ የጨረስሁ ልጅ ነኝ። ታላቅ ወንድሜን ደሴን፣ አያ ደሴ ነበር የምለው፣ ለሚሊሻ መልምለው ከአዘዞ በማኪና ጭነው ወሰዱት፣ ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ የለ፣ ወሬ የለ። እናቴ እንዳታለቅስ ልጇ በሕይወት ያለ እንደሆነ ሟርት ይሆንበታል፣ እንዳትተወው አንጀቷ አልቻለም፤ ቀበሌውም እኛ ሳናረዳ ለዘማች ለቅሶ የተቀመጠ ወየውለት ብሎ በድምፅ ማጉያ ለፍፏል። እንዲያው ዕንባዋን እንደ ዋጠች ውላ ታድር ነበር፣ ምን አለፋሽ።

ታዲያ ሰዉ ስብሰባ አልመጣ ቢላቸው ጊዜ ቀበሌዎቹ ፊልም አመጡ። የሩስያ ፊልም ነው፣ እሑድ እሑድ ከቀትር በኋላ የአዳራሹን መስኮት በወታደር ብርድ ልብስ ይጋርዱና ግድግዳው ላይ አንሶላ ወጥረው አንዳንድ ቁራጭ ያሳዩናል። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሙላት የሚሉት የወጣት ማኅበር ሰው ድምፅ ማጉያ ይዞ ይተረጉምልናል፣ እሱም እንደኛው ነው፣ ከአፉ እንደመጣለት ነው የሚያወራው። "እኒህ ዘማቾች ናቸው፤ ኮከብ ከኮከብ ጦርነት ገጥሟል፤ እነሱ በሰማዩ ቤት ሆነው ዘብ ይጠብቃሉ፤ ጦርነቱ ካላለቀ አገራቸው አይገቡም" አለን፣ እኛም አመንን።

ቤቱ በርሜል ይመስላል፣ ላይ የለው፣ ታች የለው፤ ሲተኙ እንደ ጥጃ ከግድግዳው ይታሰራሉ፣ ሲበሉ የዳቦው ፍርፋሪ ሽቅብ ይበርና እንቁራሪት ዝንብ እንደምትይዝ በአፋቸው ያሳድዱታል። ሴቶቹ በፊልሙ መሀል እየጮሁ ይጠይቃሉ፦ "ኧረ ሙላት፣ ምሥራቁ በየት ነው? ወዴት ዙረው ይጸልያሉ?" "እንዲህ ተዘቅዝቀው ሲውጡ ምነው አያንቃቸው?" አንዷ ደግሞ የሽንት ቤቱን ነገር ጠየቀችና አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ ሙላትም "እሱ የጦር ምሥጢር ነው!" ብሎ ተገላገለ።

በሦስተኛው እሑድ ሁሉም ስም ወጥቶላቸዋል። ወፍራሙን፣ ሌላው ዘብ ቆሞ እሱ የሚያንኮራፋውን፣ "ጌታው" አሉት፤ መላጣውን አለቃ "ግራዝማች" አሉት፤ አንድ ልጅ እግር፣ አገጩ ስንጥቅ ያለ፣ በብርጭቆ ቡቃያ እያበቀለ በጠብታ የሚያጠጣ ነበር፣ እሱን እናቴ ናት "ሸጋው" ያለችው። ቀበሌ ደጅ አልደርስም ያለች ሴት፣ ልጄን የበሉ ናቸው ያለች ሴት፣ ለሱ ስትል ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት ትቀመጥ ጀመር። ጠላት ከወዲያ ኮከብ እሳት ሲተኩስና ቤታቸው ሲንቀጠቀጥ ጉልበቴን ጨምድዳ ትይዘኝ ነበር፣ ጥፍሯ እስኪገባ። ወደ ቤት ስንሄድም "ዛሬ ቡቃያው ቅጠል አወጣ፣ አየሽ?" ትለኛለች፤ ሌላ ነገር አታወራም።

አንድ እሑድ የቤቱ ቆዳ በጥይት ተበሳና ሸጋው ሊደፍነው በወገቡ ገመድ ታስሮ ወጣ። ደፈነው፤ ሊመለስ ሲል ገመዱ ተበጠሰ። አይወድቅም እኮ፣ መውደቅ እንኳ ደግ ነበር፤ እጁን እንደ ዘረጋ ዝም ብሎ እየራቀ፣ እየራቀ፣ እያነሰ ሄደ። ሙላት ድምፅ ማጉያውን ከአፉ አወረደ። ከኋላ አንዲት ሴት "ወየው!" ስትል ሁሉም ተቀበላት፣ ወንዶቹም አልቀሩ፣ ቀበሌዎቹም የፊልሙን ማሽን አጠፉት።

በማግሥቱ ጧት እናቴ ግቢያችን ውስጥ ምንጣፍ አነጠፈች፣ ከሣጥን የአያ ደሴን ልብስ አወጣች፣ ጋቢውን፣ ለጥምቀት የሚለብሰውን ኮት፣ ቁምጣውን፣ ሬሳ የሌለው ለቅሶ በልብስ ነውና እንደ ወጉ ዘረጋችው። ለማን እንደሆነ የጠየቀ ጎረቤት የለም፤ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ገባ። አልቃሿም መጣችና እንዲህ ብላ አወጣች፦

አፈር ያላገኘ ድንጋይ ያልተጫነው፣
የማን ልጅ ነው ይሆን ሰማይ ያባከነው።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ሰምቶ ሁለት ጠመንጃ ያዦች አስከትሎ ደረሰ። "የምን ለቅሶ ነው? ማን ፈቀደ?" ሲል እናቴ ቀና ብላ "ለሰማዩ ዘማች ነው። እናንተው አይደላችሁ ያሳያችሁን? እናቱ ሩቅ አገር ናት፣ አልሰማች፣ ማን ያልቅስለት? ለሱም ክልክል ነው?" አለችው። ሰውየው ልብሱን አየ፣ እኛን አየ፣ ፈረንጅ እንዲህ ያለ ቁምጣ እንደማይለብስ መቼም ያውቃል፤ ቆብ አውልቆ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠ።

ከወንዶቹ መሀል አያ ፈንታ ነበር፣ ከደሴ ጋራ አንድ ቀን ተመልምሎ አንድ እግሩን ጥሎ የተመለሰ ጎረቤታችን፤ ከተመለሰ ጀምሮ ቤታችንን ዞሮ የሚያልፍ፣ እናቴን በመንገድ ሲያያት ክራንቹን አዙሮ የሚመለስ። ያን ዕለት ዓይኑን ከጋቢው ላይ መንቀል አቃተው። እናቴ አየችው።

"ፈንታ፣ አንተ አጠገቡ ነበርህ?"

ሊቀ መንበሩ መሬት መሬት ያያል።

"ነበርሁ፣ እትዬ ያልጋነሽ።"

"ገመዱ ሲበጠስ... ብዙ ተጨነቀ?"

"ኧረ የለም። በእጄ ላይ ነው ያለፈ። 'እናቴን' ብቻ አለ።"

"እግዜር ይስጥህ" አለችው፣ እንደ ደህና ነገር፣ ከዚያ ደረቷን መታች፤ አባቴም እንደ በሬ አገሳ። እንዲያ ነው ወንድሜ መሞቱን የሰማሁ። ሦስት ቀን ተቀመጥን፤ በሦስቱም ቀን ስሙን ጮኾ የጠራ ሰው የለም፤ "ሸጋው፣ ሸጋው" እየተባለ ተለቀሰ።

አሁን እናቴም የለች፣ አባቴም፣ ፈንታም። አያ ደሴ ፎቶ ተነስቶ አያውቅም፤ ፊቱን የሚያስታውስ ቢኖር እኔ ብቻ ነበርሁ፣ እኔም ልጅ ነበርሁና አልያዝሁት። ዓይኔን ጨፍኜ ደሴ፣ ደሴ እላለሁ፤ የሚመጣብኝ ያ ፈረንጅ ነው፣ ያ አገጩ ስንጥቅ፣ እጁን ዘርግቶ።