ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልተጎዳም። ቤት ውስጥ ሳወራው እንኳ «ታዲያ ምን ሆነ?» ነው የሚሉኝ። እኔ ግን ሳስበው እስካሁን መዳፌን ያልበኛል።

ቤቴል ሰፈር ያለው የጸሎት ቤታችን አምፕሊፋየር ለሳምንታት ሲያጉረመርም ቆይቶ አንድ እሑድ በመዝሙር መካከል ዝም አለ። ኤሌክትሪካል የምማረው እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ ያውም ገና አንደኛ ዓመት፣ ቅዳሜ ከሰዓት እንዳየው ተጠየቅሁ። የጠየቁኝ የመዘምራን እናት የምንላቸው እማማ ናቸው። ልባቸውን ያማቸዋል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲያበረታቱኝ ስለኖሩ አልችልም ማለት ከበደኝ።

ሶኬቱን ነቅዬ ክዳኑን ፈታሁ። ልምምድ ላይ የነበሩት መዘምራን ሲከቡኝ የተማርኩትን ማስረዳት ጀመርኩ። ትራንስፎርመሩ አንድ ብረት ላይ የተጠመጠሙ ሁለት ሽቦዎች ናቸው፤ እርስ በርስ አይነካኩም። በመጀመሪያው የሚመላለሰው ኤሌክትሪክ ብረቱን ማግኔት ያደርገዋል፣ የማግኔቱ መለዋወጥ ደግሞ በሁለተኛው ላይ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። የሁለተኛው ጥምጥም ካነሰ ቮልቱም ያንሳል። ካፓሲተሩ ግን እንደ ውኃ ማጠራቀሚያ ሮቶ ነው፤ ሲመጣለት ይሞላል፣ ሲቋረጥ ካጠራቀመው ይሰጣል። እሱ ሲደክም ነው ድምፁ የሚያጉረመርመው።

«አሁን ብንነካው አይነዝረንም?» አለ አንዱ ዘማሪ።

«ሶኬቱን ነቅያለሁ፤ ምንም የለውም።»

ይህን ያልኩት ደስ እንዲላቸው ነው። አልለካሁም ነበር።

የቮልት መለኪያዬን፣ ቴስተሩን፣ አውጥቼ በካፓሲተሩ ሁለት እግሮች ላይ ሳደርገው ከመቶ ቮልት በላይ አሳየኝ። ቴስተሩ የተበላሸ መስሎኝ ደገምኩት። ያው ነው። ሮቶ እያልኩ ሳስረዳ የነበርኩት እኔው፣ የውኃ መስመሩ ቢዘጋም ሮቶው ሙሉ ሆኖ እንደሚቆይ አላሰብኩም።

ይህን ለመናገር አፌን ሳልከፍት እማማ «በሉ እንጸልይበት» አሉ። እኛ ጋ በታመመ ሰው ብቻ ሳይሆን በአዲስ ዕቃም፣ በተማሪ ደብተርም ላይ እጅ ተጭኖ ይጸለያል። ሁሉም ዓይናቸውን ጨፈኑ። የእማማ ቀኝ እጅ ወደ ተከፈተው አምፕሊፋየር መውረድ ጀመረ። በእኛ ዘንድ ጸሎት አይቋረጥም። ልጮህ ፈራሁ። ሊነኩት ስንዝር ሲቀራቸው የእጃቸውን አንጓ ያዝኩ።

እማማ ዓይናቸውን ገለጡ። «ምነው ልጄ?»

«አይንኩት እማማ። ውስጡ ኤሌክትሪክ አለ።»

«ምንም የለውም አላልሽም?»

«ብያለሁ። ሳልለካ ነው ያልኩት።»

«ተነቅሎም ከሠራ ጋኔን ነው፤ እናስወጣው» አለ ያው ዘማሪ። ሁለት ሦስቱ ሳቁ። እማማ አልሳቁም፤ እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ።

በካፓሲተሩ የተጠራቀመውን ለማፍሰስ ሽቦ የተበጀለት አሮጌ አምፖል አስመጣሁ። ሁሉንም ወደ በሩ እንዲርቁ ለመንኳቸው። ሽቦዎቹን የያዝኩት በላስቲካቸው ላይ ቢሆንም የካፓሲተሩን እግሮች ሁለቴ ሳትኩ። በሦስተኛው አምፖሉ ቦግ አለ፣ ቀላ፣ ቀስ ብሎም ጠፋ። ሶኬቱ ወለል ላይ ተጋድሞ ነበር። ስለካው ዜሮ አለ፤ ግን ከዚያ በኋላ በጣቴ ልነካው አልደፈርኩም።

አምፕሊፋየሩን አስራ ስምንት ማዞሪያ ሰፈር ወዳለ ጠጋኝ ወሰድነው። ካፓሲተሩን ቀስ በቀስ ባዶ የምታደርገው ትንሽ ሬዚስተር ተቃጥላ እንደነበር አሳየኝና ሁለቱንም ቀየረ። መዘምራኑ ሁሉም ደህና ነው ብለው ተቀበሉት። እኔ ግን እማማ ማይክራፎን በያዙ ቁጥር እጃቸውን እያየሁ ሁለት እሑድ መዝሙሩን አልሰማሁም።

በሦስተኛው ሳምንት አጠገባቸው አስቀመጡኝና «ያን ቀን ብሞት ማን ምን ይልሽ ነበር ብዬ ነው የምፈራው» አሉ። አለቀስኩ፤ ማንንም ለማስደሰት ብዬ ያልለካሁትን እንደማልናገር ነገርኳቸው። ይህን ቃል የገባሁላቸው ኅዳር 21 ነበር፤ ቀኑን አልረሳሁትም።