«ምንም አልሆነም» ያልኩት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ሙሉውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የነፍስ አባቴ ስንት ጊዜ «ሌላስ?» ብለው ጠየቁኝ፤ እኔ «ሌላ የለም አባቴ» እያልኩ ተባርኬ ተነሣሁ። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው። የሚያውቀኝ ሰውማ ጀግና ይለኛል። ደብረ ታቦር ገበያ ስወጣ «የባሏን ጡረታ ታግላ ያስከበረችው ሴት ያቻት!» እየተባባሉ ያሳዩኛል። እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ አልፋለሁ። ምን ልዋሻችሁ፣ ደስ ይለኛል።

ባሌ ጌታሁን የግብርና ባለሙያ ነበር። ገሳይ አካባቢ ገበሬዎች ዘንድ ውሎ ሲመለስ ሞተር ሳይክሉ ተንሸራቶ ከመንገዱ በታች ጣለው። ጭንቅላቱ ተመታ፣ ቀኝ እጁ ሰለለ። ቆይቶ ደግሞ ይጥለው ጀመር። ቆሞ እያወራ ድንገት ይወድቃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሲነቃ የኔ ስም እንኳ ይጠፋዋል። በሥራ ላይ ሳለ ስለተጎዳ የጉዳት ጡረታ ይገባዋል ተባለ። ግን መጀመሪያ የሕክምና ቦርድ አይቶት መሥራት አይችልም ማለት አለበት፤ ያለዚያ አበል የለም።

በዚያው ሰሞን ልጃችንን ብርቱካንን ለጋብቻ ለመጠየቅ ሽማግሌ ተልኮ ነበር። ልጁ ምስጉን፣ ቤተሰቡም የተከበረ ነው። እኔ የፈራሁት «የሚጥል በሽታ ያለበት ቤት» መባልን ነው። ከሞተር ወድቆ የመጣበት ነው ብል ማን ይሰማኛል? በዘራቸው ነው ብለው ልጄን ይተዋታል እያልኩ ሌት ተቀን ስብሰለሰል ከረምኩ። ሲጥለው በር እዘጋለሁ። ጎረቤት ሲጠይቅ «ተኝቷል» እላለሁ።

ቦርዱ ፊት የሚቀርብበት ቀን ደረሰ። ጌታሁንን አጠብኩት፣ ጢሙን ላጨሁት፣ ደህናውን ኮቱን አለበስኩትና የሰለለ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት። ጉድ እኮ ነው! ሰው ጉዳቱን ሊያሳይ ይሄዳል፣ እኔ ልሸፍንለት ሽር ጉድ እላለሁ። ሐኪሙ «እንዴት ነህ?» አለው። ጌታሁንም እንደ ማንኛውም ጨዋ ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አለ። ታዲያ ምን ይበል? እኛ አገር ለመሞት የተቃረበ ሰው እንኳ ሲጠየቅ ደህና ነኝ ነው የሚለው። ሐኪሙም ይህ አልጠፋውም። ጌታሁንን ወደ ምርመራ ክፍል ላከውና ወደ እኔ ዞሮ፣ «እሱስ ደህና ነኝ ይላል። አንቺ ንገሪኝ እስቲ፤ ይጥለዋል? ያለ ሰው እርዳታ መኖር ይችላል?» አለኝ።

ከዚህ በላይ ምን ልጠየቅ? ግን ጥጉ ላይ ተቀምጣ የምትጽፈው ልጅ የእነዚያ ሽማግሌ ላኪዎች ዘመድ ነች። እስክርቢቶዋን ይዛ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም «ኧረ ምንም አልሆነም! ሁሉንም በራሱ ይሠራል» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። ጠዋት ሱሪውን ያስታጠቅኩት እኔ ነኝ፣ በራሱ ይሠራል ያልኩትም እኔው ነኝ። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው!

እጁ ቢሰልልም መሥራት ይችላል ተብሎ አበሉ ተከለከለ። ጌታሁን ጥፋቱን የራሱ አደረገው። «ምን ቆርጦኝ ደህና ነኝ አልኩ?» እያለ ይብሰለሰላል። ትንንሾቹ ልጆች ትምህርት አቋርጠው ሰው ቤት ሊቀጠሩ ሲሉ ጊዜ ጉልበቴን ይዞ፣ «ይቅር በይኝ፣ በገዛ አፌ ቤቴን አፈረስኩ» ብሎ አለቀሰ። እኔ ምን አልኩት? «ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት። እኔ! እሱን! የመጀመሪያውን ለልጄ ብዬ ነው ልበል፤ ይቺኛዋን በማን ላሳብባት? ለራሴ ብዬ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ብርቱካን ተዳረች። የመልሱ ዕለት ጌታሁን እንግዳው ሁሉ ፊት ወደቀ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። የሙሽራው አባት አቶ ሞላ ግን ብድግ ብለው ጋቢያቸውን ከራሱ ሥር አደረጉለት፣ በጎኑ አስተኙት፣ እስኪነቃ አጠገቡ ተቀመጡ። ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብለው «የኔም ወንድም እንዲህ ነበር። ምነው ባትደብቁን?» አሉኝ። ለካ የዋሸሁት በከንቱ ነው!

ከዚያ በኋላ እልህ ያዘኝ። የጣልኩትን ራሴ ካላነሣሁ አልሞትም ብዬ ይግባኝ አልኩ። ገሳይ ወርጄ ከወደቀበት ያነሡትን ገበሬዎች አንድ በአንድ ለመንኩ፤ እህል እያጨዱ ነበር፣ ትተው መጡልኝ። መጀመሪያ የተኛበት ጤና ጣቢያ የድሮ ካርዱን እስኪያገኙልኝ ደጃቸው ላይ ዋልኩ። መሥሪያ ቤቱ ያን ዕለት በሥራ ላይ እንደነበረ ጻፈልኝ። ባሕር ዳር ወስጄ ጭንቅላቱን ራጅ አስነሣሁት። የደብራችን ቄስም ከሠርጉ ወዲህ ቅዳሴ ላይ ሲወድቅ ያዩትን መሰከሩ። ሐኪሙ አይቶት እንዲያምን ሲጥለው በስልክ ቀረጽኩት፤ እያለቀስኩ ቀረጽኩት፣ እሱም ፈቅዶልኛል። ማን እንደሚያጥበው፣ ማን እንደሚያጎርሰው፣ ምድጃ ላይ ወድቆ እንዴት እንደተቃጠለ፣ ድሮ በር ዘግቼ የደበቅኩትን ሁሉ አስጻፍኩ።

ይግባኙን የሰማው ያው ሐኪም ነው። ጌታሁን ውጭ ከአቶ ሞላ ጋር ተቀምጧል። «ባለፈው ምንም አልሆነም ብለሽኝ ነበር እኮ» አለኝ። ጸሐፊዋም ያችው ልጅ ነበረች። ዓይን ዓይኗን እያየሁ «ዋሽቼ ነው። ልጄን የሚያገባት አጣለሁ ብዬ ነው። ጻፊው እህቴ፣ እንዳለ ጻፊው!» አልኩ። ልጅቱም ጻፈችው፤ እስከ ዛሬ ግን ለማንም አላወራችም። ሐኪሙ ማስረጃውን አንድ በአንድ አገላበጠና «ይህን ሁሉ ብቻሽን ነው የሰበሰብሽው?» አለኝ። ብቻዬን አልነበርኩም፣ አገር ነው ያገዘኝ።

ተፈቀደ! ከግቢው ሳንወጣ እልልታዬን አቀለጥኩት። ልጆቹ ወደ ትምህርታቸው ተመለሱ፣ መድኃኒቱም አይቋረጥም። ቤት ጠላ ጠምቀን ሰው ስንጠራ ጌታሁን በግራ እጁ ዋንጫውን አንሥቶ «እኔ በአፌ ያፈረስኩትን ሚስቴ ሠራችው!» አለ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ከሁሉ በላይ የጮኽኩት እኔ ነኝ። ደስታዬ የእውነት ነበር። ያፈረስኩት እኔ ነኝ አለማለቴም የእውነት ነበር።

ያስከለከልኩት እኔ ነኝ፤ ያስፈቀድኩትም እኔ ነኝ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አያጥበውም፣ እንዲያጥብልኝም አልለምንም። ዛሬ ጌታሁን ደጅ ፀሐይ እየሞቀ ነው። ይህን ተናግሬ ስጨርስ ወጥቼ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ይቅር በለኝ ብዬ አልጀምርም፤ ያንን ቃል አንድ ጊዜ ያለ ቦታው አውዬዋለሁ። መጀመሪያ የምነግረው «ጌታሁን፣ አንተ አላጠፋህም» ብዬ ነው። ቢቆጣ ይቆጣ።