ሳነቴ ላይ የቆመችው መኪና

ባለፈው ሳምንት ሮቤ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ቀጂዋ እጄ ላይ ናፍጣ አንጠባጠበችብኝና፣ ይቅርታዋን ሳትጨርስ እጄን እያሸተትኩ ስስቅ ስታየኝ ጤናዬን ሳትጠራጠር አልቀረችም። ምን ታድርግ፣ ለእኔ ናፍጣ ማለት ከጎባ በላይ ያለው ብርዳሙ ተራራ፣ ሳነቴ ነው።

እናቴ ጎባ ተመድባ የመጣች ነርስ ነበረች። በየወሩ በደሎ መና የገበያ ቀን የሕፃናት ክትባት በበረዶ ሣጥን ይዛ በመሥሪያ ቤቱ አሮጌ መኪና ሳነቴን አቋርጣ ትወርዳለች፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔንም ታስከትለኛለች። ሾፌሩ ኦቦ ከድር መኪናዋን እንደ ላም «ቡሬ» ብሎ የሚጠራ፣ ዳገት ላይ «አይዞሽ» የሚላት፣ ሚስቱ ግን እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ሰምታ እንደማታውቅ የምትምል ሰው ነበር።

ያን ቀን ሁለት ሰው አሳፍረናል፤ ገና ከጎጃም የመጣ የፊዚክስ መምህርና ማር፣ ሰምና ዘይት የምትነግደውን የደሎ መናዋን ወይዘሮ፣ አደ ዘይነባን። የሳነቴ አናት ላይ ጅብራው በውርጭ ነጥቶ በቆመበት ሜዳ መሀል ቡሬ ሁለት ጊዜ ሳለችና ቀጥ አለች። እናቴ ሰዓቷን አየች። ያን ሰሞን ኩፍኝ ገብቷል፤ ገበያው ከተበተነ እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ጫካ መንደሮቻቸው ይመለሳሉ፣ በሣጥኑ ውስጥ ያለው በረዶም ከምሽት አያልፍም።

መኪና ሲቆም መካኒክ የማይሆን የለም። መምህሩ ከፍታው ነው፣ አየር አንሷት ነው ብሎ እስከ ቁልቁለቱ እንድንገፋት አዘዘ፤ ገፋናትና አየር ያነሰን እኛ ሆንን። ኦቦ ከድር «ቢስሚላህ» ብሎ ማጣሪያውን ፈታ፣ ንጹሕ ነው። ቱቦውን በአፉ ሳበ፣ ናፍጣውን ተፋ፣ በእጅ ፓምፑ ደጋግሞ ገፋ፤ ታንኩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ወደ ሞተሩ የሚደርስ ነዳጅ የለም። እናቴ የሣጥኑን ክዳን ልትከፍት እጇን ትሰድና ቅዝቃዜው እንዳይወጣ ብላ ትመልሰዋለች። እኔም ፈርቼ ነበር።

አደ ዘይነባ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ቆሎዋን ስትበላ ቆይታ ተነሣችና ታንኩን ዞራ አየችው።

«ከድር፣ ይሄ እኔ የሸጥኩልህ ሰም አይደለም?»

«ነው፣ አደ። ክዳኑ ላይ ባለችው ቀዳዳ አቧራ እንዳይገባ ብዬ ደፈንኳት።»

«ያ ረቢ! ጀሪካን እንኳ መተንፈሻ ካልበሱለት ዘይት አይሰጥም፤ አንተ አፍነሃት ሂጂ ትላታለህ?»

ኦቦ ከድር ክዳኑን ሲያዞረው ታንኩ ረጅም ትንፋሽ ሳበ። ሰሙን በሚስማር ፈልፍሎ አወጣው፣ በቱቦው የገባውን አየር እስኪወጣ በእጁ ገፋ፣ ቡሬም በሦስተኛው ተነሣች። መምህሩ ከሁሉም በላይ ጮኸ፤ «እኔስ አየር ነው አላልኩም!»

እናቴ ብቻ አልሳቀችም። ከዚያ በፊት በነበረው ወር የሐረና ጫካን ጠመዝማዛ ሲወርዱ የናፍጣው ሽታ አቅለሽልሾኛል ብላ አማርራ ኖሯል፤ ሽታው የሚወጣባት ቀዳዳ የተደፈነችው ለእሷ ሲባል እንደሆነ እዚያው ገብቷታል። ይህን የነገረችኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ኦቦ ከድርን ስለዚያች የአቧራ ውሸቱ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

ደሎ መና ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ ገበያው ተበትኖ ገለባ ብቻ ቀርቷል። እናቶቹ ግን ልጆቻቸውን እንዳዘሉ ከትልቁ ዋርካ ሥር ተቀምጠዋል፤ አንዲትም አልሄደችም። ለምን ዘገያችሁ ያለን ሰው የለም። ተነሥተው የእናቴን ቀዝቃዛ እጆች እየያዙ «ምን ሆናችሁ? ደህና ናችሁ?» ነበር ያሉን። እሷም ሣጥኑን ስትከፍት በረዶው ትንሽ ቀርቶ ነበር፤ እያለቀሰችና እየሳቀች መርፌዋን አዘጋጀች።

አሁን መንገዱ ተሻሽሏል፣ መኪናዬም አትቆምም፤ ደሎ መና ለምሳ እደርሳለሁ። አሥር ደቂቃ ከዘገየሁ ስልኬ «የት ደረስሽ?» እያለ ይጮኻል። «ምን ሆነሽ ነው?» የሚለኝ ሰው ግን እናቴን ከቀበርኳት ወዲህ አልገጠመኝም።