የዋንዛው ቆርቆሮ

እሑድ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፤ አየር ጤና

ይህ ጉዞ ከቤታችን ደጃፍ ተነስቶ ከኮልፌ በላይ ካለው ኮረብታ ሥር የሚያልቅ ነው። ሶደሬ አይደለም፣ ላንጋኖም አይደለም። አባቴ ግን ለመንገደኛ የሚገባውን ዝግጅት ሁሉ አድርገዋል። ስነሳ ኮታቸውን ደርበው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ አንድ የሸራ ቦርሳ ጉልበታቸው ላይ አቅፈው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የጥቅምት ብርድ አፍንጫቸውን አቅልቶታል።

የጉዞውን ምክንያት የነገሩኝ ትናንት ከምሳ በኋላ ነው። አባባ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ማክሰኞ ኦፕራሲዮን ይደረጋሉ። ሐኪሙ «ይሳካል ብለን እናስባለን» ብሏቸዋል። አባባ ዕድሜ ልካቸውን የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበሩ «እናስባለን» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። ስለዚህ የቀረችው ብርሃን ሳትጠፋ አንድ ስህተት ማረም ይፈልጋሉ።

«የምን ስህተት?» አልኳቸው።

«ሁለት ቆርቆሮ አቀያይሬ ሰቅያለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ ሃያ ሁለት ዓመት የሠሩት የዛፎች ማሳያ ውስጥ ነው። ከየዓይነቱ ዛፍ ተተክሎ፣ በመካከሉ የእግር መንገድ ወጥቶለት፣ ሰው እየዞረ የሚያይበት ቦታ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ግን «ችግኝ ጣቢያው» ነው የሚለው። በየዛፉ ግንድ ላይ ስሙ የተጻፈበት ቆርቆሮ በሚስማር ይመታል። ከአብዮቱ በፊት አንድ ጊዜ አለቃቸው አዳዲስ ቆርቆሮዎችን በዛፎቹ ተራ ሽቦ ላይ ሰክቶ «ከፊተኛው ጀምረህ ስቀል» ብሎ ሰጣቸው። አባባ ያኔ ፊደል አይለዩም። አለቃው ይህን አያውቅም፤ እሳቸውም አልነገሩትም። በግቢው የምታልፈውን ወንዝ ሲሻገሩ አዳለጣቸው፣ ሽቦው ተፈታ፣ ቆርቆሮው ሣሩ ላይ ተበተነ። አብዛኛውን እንደ አወዳደቁ መልሰው ደረደሩት። በመጨረሻ ሁለት ቆርቆሮ እጃቸው ላይ ቀረና አንዱን ለዋንዛው፣ አንዱን ለብሳናው በግምት ሰጧቸው።

በሃምሳ አራት ዓመታቸው መሠረተ ትምህርት ገብተው ማንበብ ቻሉ። ጡረታ ሊወጡ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው በመንገዱ እየሄዱ ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ አነበቧቸው። ዋንዛው ላይ ብሳና፣ ብሳናው ላይ ዋንዛ ይላል። ለማንም አልተናገሩም። ቢናገሩ ሃያ ዓመት ከመሥሪያ ቤቱ የደበቁት አለመማራቸው አብሮ ይወጣል።

ዛሬ የቀበሌ ስብሰባ ነበረን፤ የሐኪሙን ወረቀት አሳይቼ አስፈቀድኩ።

ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ጦር ኃይሎች

ፌርማታው ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆምን። አውቶቡሱ ሲመጣ ሞልቶ ነበር፤ አንድ ወታደር ተነስቶ አባባን አስቀመጠልኝ። አሥራ አምስት አሥራ አምስት ሳንቲም ከፈልን። ቦርሳውን ልያዝልዎት ብላቸው እምቢ አሉ።

«ምን አለበት?»

«ስንቅ ነው» ብለው ዘጉኝ።

ትንሽ ከሄድን በኋላ ቀና ብለው፣ «ያንን የአስካለን ዋንዛ ነገር ታስታውሺዋለሽ?» አሉኝ።

እትዬ አስካለ ጎረቤታችን ናቸው፤ አጥራቸው ሥር አንድ ዛፍ አለ። ደህና አድርጌ አስታውሳለሁ፤ ብረሳው በወደድኩ። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ትምህርት ቤታችን ችግኝ ጣቢያውን አስጎበኘን። የአባቴ መሥሪያ ቤት ስለሆነ ደረቴን ነፍቼ ፊት ፊት እየሄድኩ ከየቆርቆሮው ላይ ስሙን ሁሉ ደብተሬ ላይ ገለበጥኩ። በሳምንቱ የሰፈሩን ልጆች እትዬ አስካለ አጥር ሥር ሰብስቤ «ይህ ዛፍ ብሳና ይባላል» እያልኩ ሳስተምር አባባ ከሥራ ሲገቡ ሰሙኝ።

«ዋንዛ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

«ቆርቆሮው ላይ ብሳና ተብሎ ተጽፏል። እኔ አንብቤያለሁ፤ እርስዎ ማንበብ አይችሉም» አልኳቸው።

እትዬ አስካለ ልብስ እያሰጡ ነበር። ልጆቹ ሳቁ። አባባ አንድ ቃል ሳይመልሱ ቤት ገቡ።

«ያን ቀን ለምን ዝም አሉ?» አልኳቸው አሁን፣ በሰው መሀል ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ምን ልበል? አንቺ ያነበብሽውን ነው ያልሽው። የሰቀልኩት እኔ።»

አፈርኩ። ዛሬ እኔው ራሴ አስተማሪ ነኝ፤ በቀን አርባ ልጅ ፊት ቆሜ «ከመጽሐፉ ላይ አንብቡ» እላለሁ።

ጦር ኃይሎች ወርደን ሻይ በቦምቦሊኖ አዘዝን። ስኳር ከጠፋ ሰንብቷል፤ ሻዩ ከአንዳንድ ከረሜላ ጋር መጣ። አባባ ከረሜላቸውን ኮታቸው ኪስ ከትተው ሻዩን መራራውን ጠጡት። ቦምቦሊኖው ግን ትኩስ ነበር፤ ሁለት ሁለት በላን።

አራት ሰዓት፤ ኮልፌ

ከጦር ኃይሎች ኮልፌ ድረስ በታክሲ ሄድን። ወርደን በአጠና ተራ በኩል ስናልፍ የተከመረው የባሕር ዛፍ ግንድ ገና እርጥብ ስለነበረ ሽታው መንገዱን ሞልቶታል። አባባ ቆመው አንዱን አጠና በጣታቸው ቆረቆሩትና ለሻጩ «ይህ ገና ልጅ ነው፤ ለምን ቆረጣችሁት?» አሉት። ሻጩ ሽማግሌ ነበር። «አባቴ፣ የእኔም ቤት ልጆች አሉ» አለ። ሁለቱም ተሳሳቁና ተለያየን።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ዳገት ነው። የቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ ጩኸት ወደኋላ ቀረ፤ ቤቱ እየሳሳ፣ የአጥር ቁልቋሉ እየበዛ ሄደ። አባባ በግራ እጃቸው ትከሻዬን ይዘው ይከተሉኛል። በየመቶ እርምጃው እናርፋለን። እሳቸው ግን ደክሞኛል አይሉም፤ «አንቺ ደክሞሻል፣ እንቁም» ነው የሚሉት።

አምስት ሰዓት፤ በሩ ላይ

የሽቦ በሩ ተቆልፏል። ከውስጥ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ያሰረች፣ የጎማ ቦቲ ያደረገች ሴት መጣች።

«ዛሬ ዝግ ነው። ከቢሮ ደብዳቤ አላችሁ?»

ደብዳቤ የለንም። በዚህ ዘመን ደብዳቤ የሌለው ሰው የት ይደርሳል? እኔ ምን እንደምል ሳስብ አባባ ከኋላዬ ሆነው፣ «ዘይነባ፣ ያ ባልዲሽ አሁንም ያፈሳል?» አሏት።

ሴትዮዋ ሽቦውን ይዛ ቀረች። «ጋሽ ወልዴ?» አለች፤ «ጋሽ ወልዴ ኖት?»

ዘይነባ ችግኝ ልታጠጣ ስትቀጠር ሥራውን ያሳዩዋት አባባ ናቸው። አሁን ጥበቃም፣ አስጎብኚም እሷው ናት። በሩን ከፈተችና እጃቸውን ሳመች። ዓይናቸውን ስታይ ግን ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ደብዳቤውን ዳግመኛ አላነሳችም።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል፤ የላይኛው መንገድ

ሦስት የእግር መንገድ አለ። የታችኛው ወንዟን ተከትሎ ይሄዳል፤ የመካከለኛው በፈረንጅ ጥድ ውስጥ ያልፋል፣ ጨለም ያለና ዝም ያለ ነው። የላይኛው የአገራችን ዛፎች ያሉበት ነው። አባባ እዚህ ሲደርሱ ትከሻዬን ለቀቁ።

ግንድ እየዳሰሱ ሄዱ። «ኮሶ» ይላሉ፣ መዳፋቸውን ቅርፊቱ ላይ አሳርፈው። ጥቂት ይሄዱና፣ «ዝግባ። ይህን የተከልኩት እናትሽን ባገባሁ በዓመቱ ነው።» እኔ ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ ቆርቆሮዎቹን አነባለሁ። አንዳንዱ ዝጓል፣ አንዳንዱ ወድቆ የለም። ያለው ሁሉ ግን እሳቸው እንዳሉት ነው። አንድም አልሳቱም።

ዋንዛው አበባውን መንገዱ ላይ አራግፏል። አባባ ቅጠሉን በጣታቸው አሹት፤ ሻካራ ነው። «ይኸው» አሉ፤ «ቆርቆሮውን አንብቢልኝ።»

ማንበብ አልቻልኩም። ዛፉ ባለፉት ዓመታት ወፍሮ ቅርፊቱ ሚስማሩንም ቆርቆሮውንም ውጦታል። የሚታየው ከዳር በኩል አንዲት የጣት ስፋት ናት፤ እሷም ላይ ከብሳና የተረፈ አንድ ፊደል አለ። ይህንኑ ነገርኳቸው። በእጃቸው ዳስሰው አረጋገጡ።

«ፒንሳ አለኝ፣ ፈልፍዬ ላውጣው?» አለች ዘይነባ።

«ተይ። እኔ ለሠራሁት እሱ ይቁሰል?»

ከዚያ ምን እንደሆነ ለዘይነባ ነገሯት። የተበተነውን ቆርቆሮ፣ ማንበብ አለመቻላቸውን፣ ሁሉንም። ሃያ ዓመት የደበቁትን አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በአምስት ደቂቃ ጨረሱት። ሲጨርሱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«እኔም እኮ እስካሁን አላነብም፣ ጋሼ» አለች ዘይነባ። «እንግዳ ሲመጣ እርስዎ እንዳሳዩኝ ነው የምለው። ዋንዛውን ዋንዛ፣ ብሳናውን ብሳና። ቆርቆሮውን አይቼውም አላውቅ።»

አባባ ፊታቸው ፈታ አለ። ቦርሳቸውን ያኔ ነው የከፈቱት። ስንቁ ከዘይት ጣሳ የተቆረጡ ሁለት ቆርቆሮዎች፣ አንድ ጥቅል ሽቦና መቀስ ነበር። ቆርቆሮዎቹ ላይ በሚስማር ተጭሮ አንዱ ላይ «ዋንዛ»፣ አንዱ ላይ «ብሳና» ተጽፏል። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ መስመራቸውን ስተው ወደ ቀኝ ዘቅዝቀዋል። እኔ ትምህርት ቤት ስውል ነው ለካ በዚያ ባልጠራ ዓይናቸው ቁጭ ብለው ሲጭሩ የከረሙት።

«እንቺ፣ አስተማሪዋ» አሉ፤ «እዪልኝ። ትክክል ነው?»

ተማሪዎቼ ወረቀት ሲሰጡኝ የሚያዩኝን አስተያየት እያዩኝ ነበር። «ትክክል ነው፣ አባባ» አልኳቸው። «አሥር ከአሥር።»

«ያለ ቢሮው ትእዛዝ ምንም መስቀል አይፈቀድም» አለች ዘይነባ። ይህን እያለችም ሽቦውን ከእጃቸው ተቀበለች።

ዋንዛው ላይ እኔ አሰርኩት፣ አባባ ከጎኔ ቆመው። ሳጠብቀው እጃቸውን እጄ ላይ ጣሉ።

«ላላ አድርጊው። ገና ያድጋል።»

ላላ አደረግኩት። ከዚያ ሃያ እርምጃ ያህል አልፈን ብሳናው ጋ ሄድን፤ የእሱን አሮጌ ቆርቆሮ ነፋስ ወስዶታል፣ ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል። አዲሱን እዚያ ዘይነባ አሰረችው። ያረጀ ቅጠሉ እንደ ብርቱካን ቀልቶ መሬት ላይ ወድቆ ነበር፤ አባባ አንዱን አንስተው ዓይናቸው አጠገብ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት። ቀለሙ ይታያቸው እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

አሥር ሰዓት፤ አየር ጤና

ስንመለስ ስብሰባው ተበትኖ ሰዉ በየደጁ ቆሞ ነበር። እትዬ አስካለ አጥራቸው ጋ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ያወራሉ። ዛፉ ከላያቸው አለ። ዝም ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን ያሳፈረ ሰው የሚክሰው ባሳፈረበት ቦታ ነው ብዬ ቆምኩ።

«አባባ፣ ይህ ዛፍ ምን ይባላል?» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

አባባ ገባቸው። «ዋንዛ» አሉ።

«ዋንዛ ነው» አልኩ እኔም።

እትዬ አስካለ አንድ ነገር አይረሱም። «ያኔ ብሳና ነው ብለሽ አልነበረም እንዴ፣ ትርሲት?» አሉኝ።

«ተሳስቼ ነበር፣ እትዬ። አባቴን መስማት ነበረብኝ።»

«እሷ አልተሳሳተችም» አሉ አባባ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ያነበበችው ቆርቆሮ ነው የተሳሳተው። እሱንም የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር።»

ማንም አልሳቀም። እትዬ አስካለ ብቻ፣ «ታዲያ ማናችን እንችል ነበር፣ ጋሽ ወልዴ?» አሉና ወሬያቸውን ቀጠሉ።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርሽ ብትሉኝ፣ የተጻፈውን የሰቀለ ሰው እንዳለ፣ እሱም እንደሚያዳልጠው ተማርኩ። ነገ ለአርባዎቹ ልጆች ይህንን እነግራቸዋለሁ። የማክሰኞውን ነገር ግን አላውቅም፤ እፈራለሁ።

ቤት ገብተን ኮታቸውን ሳወልቅላቸው አባባ ኪሳቸውን ዳበሱና የጠዋቱን ከረሜላ አወጡ። ወረቀቱ ላይ የኪስ ብናኝ ተጣብቆበታል። እጄን ፈልገው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ይህ ለአምስተኛ ክፍሏ ነው» አሉ።